ዙሩ ያው፣ ዜማው ሌላ፦ በሙዚቃ ማሽን ላይ እየተደመረ የሚሄድ ጭማሪ እና የወሎ ቅኝቶች

የረመዳን ጾም በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይገባል። በክረምት ይጾም የነበረው ከዓመታት በኋላ በበልግ፣ ከዚያም በበጋ ይጾማል፤ 33 ዓመት ገደማ ሲሞላም ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ዕንቁጣጣሽም እንዲሁ ከዕለት ወደ ዕለት ይሸጋገራል። በ2016 ዓ.ም ማክሰኞ፣ በ2017 ዓ.ም ረቡዕ፣ በ2018 ዓ.ም ሐሙስ ዋለ። ዓመቱ 52 ሳምንት ከ1 ቀን በመኾኑ ያቺ ትርፍ ቀን በዓሉን በየዓመቱ አንድ ዕለት ትገፋዋለች፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከኾነች ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዕንቁጣጣሽ ሁለት ዕለት ይገፋል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴን ሲያወጡም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በየዓመቱ 11 ይደምራሉ፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30ውን ይገድፋሉ። የ2016 ዓ.ም አበቅቴ 20 ነበር። 11 ሲደመርበት 31 ኾነ፤ 30 ሲገደፍ 1 ቀረ፤ ይህም የ2017 ዓ.ም አበቅቴ ኾነ። ለ2018 ዓ.ም ደግሞ 12 ኾነ።

ሦስቱም ስሌቶች አንድ ሐሳብ ይጋራሉ። ዙሩ ያው ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን ትንሽና ቋሚ ጭማሪ አለ። ጭማሪው አይረሳም፤ የሚቀጥለው ዙር በላዩ ላይ ይደምራል። ዛሬ ዛሬ ይህ ሐሳብ በእጅ በሚያዙ የሙዚቃ ማሽኖች ውስጥም ይገኛል። አጠቃቀሙን ላወቀ ሙዚቀኛ አንድ አጭር ዜማ ሳይሰለች ለረጅም ጊዜ እንዲሄድ ያደርጋል። ላላወቀው ግን የወሎን ቅኝት ከቅኝትነቱ ሊያወጣው ይችላል።

ነገሩ ለመካነ ሰላም፣ ለቱሉ አውሊያም ኾነ ለደሴ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በሰርግ ላይ አንድ ሰው በኪቦርድ የከበሮውንም፣ የቤዙንም፣ የአጃቢውንም ድምፅ ብቻውን ሲያወጣ ማየት የተለመደ ነው። ከድምፁ የሚበዛው ማሽኑ የሚደጋግመው ነው። እንግዲህ ማሽኑ ምን እንደሚደጋግም፣ ሲደጋግምም ምን እንደሚለውጥ ማወቅ የሙዚቀኛው ብቻ ሳይኾን የሰሚውም ጉዳይ ይኾናል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ማሽኑ «ስቴፕ ሲኩዌንሰር» ይባላል። ራሱ ድምፅ የማያወጣ፣ ድምፅ ለሚያወጡ መሣሪያዎች ግን በተራ ትእዛዝ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። «ስቴፕ» የሚለውን ቃል በአማርኛ እርከን ብንለው ለደቡብ ወሎ አርሶ አደር ግልጽ ይኾናል። ተዳፋት መሬት በእርከን እንደሚከፈል ሁሉ ዜማውም በእኩል የጊዜ እርከኖች ይከፈላል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ እርከኖቹ 16 ናቸው። ሙዚቀኛው በእያንዳንዱ እርከን ላይ የትኛው ድምፅ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማ ይመዘግባል። ማሽኑ ከመጀመሪያው እርከን እስከ መጨረሻው ይሄድና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 16 እርከን ለአራት ምት ሙዚቃ የተመቸ ነው። እንደ ጭክጭካ ያለው ምት ግን በ6 ወይም በ12 ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የዙሩን ርዝመት ወደ 6 ወይም ወደ 12 ማሳጠር ነው።

ትእዛዙ የሚተላለፍበት ቋንቋ «ሚዲ» ይባላል። በጃፓኑ የሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እና በአሜሪካው የሲኩዌንሻል ሰርኪውትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ አነሳሽነት የተዘጋጀ ነው። በጥር 1983 (እ.ኤ.አ) በካሊፎርኒያ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ሽቦ ተገናኝተው ሲግባቡ ታየ። ሚዲ ድምፅ አያጓጉዝም፤ ቁጥር ነው የሚልከው። እያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ ከ0 እስከ 127 ባለው ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። መካከለኛው «ዶ» 60 ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ 61፣ ቀጣዩ ነጭ 62 እያለ ይሄዳል። ከ60 ተነስቶ 12 ቁልፍ ሲቆጠር 72 ላይ ያው «ዶ» በቀጭኑ ይገኛል። ድምፅ ቁጥር ከኾነ ደግሞ መደመርና መቀነስ ይቻላል።

ጭማሪው እንዴት ይሠራል?

በአንድ እርከን ላይ «በየዙሩ ይህን ያህል ጨምር» የሚል ትእዛዝ ሲቀመጥ ማሽኑ ድምሩን በማስታወሻው ይይዛል። እርከኑ 60 ላይ ቢኾንና ጭማሪው 2 ቢኾን በመጀመሪያው ዙር 60፣ በሁለተኛው 62፣ በሦስተኛው 64 ይሰማል። ሌሎቹ እርከኖች ባሉበት ይቆያሉ። ሰሚው ያንኑ ዜማ ይሰማል፤ አንዲት ድምፅ ግን ከዙር ወደ ዙር እየወጣች ትሄዳለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። የሲኩዌንቲክስ ኩባንያ ፒ3 እና ሰርክሎን፣ የካናዳው ኢንተሊጄል ሜትሮፖሊክስ ይህ ችሎታ ካላቸው ማሽኖች ይጠቀሳሉ።

ይህ ጭማሪ ከተራ ጭማሪ ይለያል። ተራው ጭማሪ አንድ ጊዜ ይደረግና ይቆማል፤ 60 የነበረው 62 ይኾንና እዚያው ይቀራል። ተደማሪው ግን ያለፈውን ዙር ውጤት ለሚቀጥለው ዙር መነሻ ያደርጋል።

በቁልፍ መቁጠርና በቅኝት መቁጠር

የወሎ ስም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ጋር አብሮ ይነሳል። ባቲና አምባሰል የቅኝት ብቻ ሳይኾኑ የቦታ ስምም ናቸው። እነዚህ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ግን እኩል አይደለም። አምባሰልን ከ60 ብንጀምር 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ይኾንና 72 ላይ መነሻው በቀጭኑ ይደገማል። ርቀቱ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ትዝታ ሙሉ ቤት ደግሞ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ነው፤ ርቀቱም 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይኾናል።

አሁን ባለ 6 እርከን የአምባሰል ዙር እንውሰድ፦ 60፣ 65፣ 67፣ 68፣ 65፣ 61። በአራተኛው እርከን ላይ፣ ማለትም በ68 ላይ፣ በየዙሩ 2 ቁልፍ እንዲጨምር እንዘዝ። በአራት ዙር የሚሰማው 68፣ 70፣ 72፣ 74 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 70 እና 74 በአምባሰል ውስጥ የሉም። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ደምሯል። ሰሚው ግን በሁለተኛው ዙር ላይ ዜማው ከቅኝቱ ሲወጣ ያውቃል፤ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ጆሮው ይነግረዋል።

መፍትሔው ጭማሪውን በቁልፍ ሳይኾን በቅኝቱ ደረጃ መቁጠር ነው። «በየዙሩ 1 የቅኝት ደረጃ ጨምር» ከተባለ ያው እርከን 68፣ 72፣ 73፣ 77 ይላል። አራቱም የአምባሰል ናቸው። የመጀመሪያው ጭማሪ 4 ቁልፍ፣ ሁለተኛው 1፣ ሦስተኛው 4 ነው። ርምጃው እኩል ያልኾነው ቅኝቱ ራሱ እኩል ስላልኾነ ነው። ለዚህ ማሽኑ ቅኝቱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ተጠቃሚው የራሱን ቅኝት እንዲመዘግብ በሚፈቅዱ ማሽኖች ላይ አምስቱን ድምፆች አንድ ጊዜ ማስገባት ይበቃል።

ይህን የማይፈቅድ ማሽን ያለው ሰውም አማራጭ አለው። በ12 መጨመር ምንጊዜም ከቅኝት አያስወጣም፤ ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ ነውና። ከዚህ ሌላ ጭማሪውን በድምፁ ላይ ሳይኾን በምቱ ጉልበት ላይ ማድረግ ይችላል።

አንዳንዱ ሙዚቀኛ «ዜማውን ሁሉ በአንድ ላይ ከፍ ባደርገውስ?» ሊል ይችላል። ሁሉም እርከን እኩል ቁልፍ ከጨመረ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ስለዚህ ቅኝቱ አይጠፋም። ችግሩ ሌላ ነው። አጠገቡ ያለው ማሲንቆ ወይም ክራር የተቃኘው በአንድ መነሻ ነው፤ ማሽኑ በየዙሩ ሲወጣ እነሱ በቦታቸው ይቀራሉ። ዘፋኙም የድምፁ ወሰን ላይ ይደርስና ይቸገራል። ኪቦርዱ ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ የሚያምረው፣ ከባህል መሣሪያ ጋር ሲኾን ጠብ ይፈጥራል።

አምባሰል ትዝታ የሚኾንበት

በቅኝት ደረጃ መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ሌላ፣ በቀላሉ የማይታይ አደጋ አለ።

አምባሰልን ከ60 ስንጀምር ያገኘናቸውን ድምፆች ሳንለውጥ ከ65 ብንነሳ 65፣ 67፣ 68፣ 72፣ 73 እናገኛለን። ርቀቱ 2፣ 1፣ 4፣ 1 ሲኾን እስከ 77 ደግሞ 4 ነው። ይህ የትዝታ ግማሽ ቤት ርቀት ነው። በሌላ አነጋገር አምባሰልና ትዝታ ግማሽ ቤት አምስቱን ድምፅ ሊጋሩ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ዜማው የት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ነው።

እንግዲህ ሙዚቀኛው ተደማሪውን ጭማሪ በማረፊያው እርከን ላይ ቢያስቀምጥ ምን ይኾናል? በመጀመሪያው ዙር ዜማው 60 ላይ ያርፋል። በሁለተኛው 61 ላይ፣ በሦስተኛው 65 ላይ ያርፋል። አንድም ድምፅ ከቅኝቱ አልወጣም፤ ማሽኑም ስሕተት አያሳይም። ነገር ግን ቤዙም ከዜማው ጋር 65 ላይ ከተቀመጠ የሰሚው ጆሮ ያንን መነሻ አድርጎ ይይዘዋል፤ በአምባሰል የተጀመረው ዘፈንም ወደ ትዝታ ይሄዳል። ኾን ተብሎ ከተደረገ ጥሩ የሽግግር ዘዴ ነው። ሳይታወቅ ከተደረገ ግን በየሰርጉ አምባሰል ተብሎ የሚሰማው አምባሰል አይኾንም፤ ያንን እየሰማ የሚያድግ ልጅም ልዩነቱን የሚማርበት ቦታ ያጣል።

ስለዚህ ማረፊያው እርከን ጭማሪ አይደረግበትም። ቤዙም እንዲሁ። ከእነሱ በላይ ያሉት ድምፆች ቢወጡ ቢወርዱ፣ ማረፊያው እስካለ ድረስ ሰሚው የት እንዳለ ያውቃል።

ወሰን ማበጀት

አበቅቴ 30 ላይ እንደሚገደፍ ሁሉ የማሽኑም ጭማሪ ወሰን ያስፈልገዋል። ወሰን የሌለው ጭማሪ ድምፁን እያቀጠነ ወስዶ ወደ 127 ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ወሰኑ ላይ ሲደረስ የሚኾነው በየማሽኑ ስሙ ቢለያይም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው እንደ አበቅቴ ገድፎ ከታች መጀመር ነው። ሁለተኛው በመጣበት መንገድ አንድ በአንድ መመለስ ነው። ሦስተኛው እዚያው ወሰኑ ላይ መቆም ነው። ገድፎ መጀመር ድንገተኛ መውደቅን ያሰማል፤ ለአዝማች መግቢያ ይስማማል። በመጣበት መመለስ ለስላሳ ነው፤ ከእንጉርጉሮ ጋር ይሄዳል። ወሰን ላይ መቆም ደግሞ ዘፈኑ ከፍ ብሎ እንዲቀጥል ሲፈለግ ያገለግላል።

የጭማሪው እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ወሰናቸው የተለያየ ሁለት ወይም ሦስት እርከኖች ሲኖሩ ነው። አራተኛው እርከን በ3 ዙር ወደ መነሻው የሚመለስ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ4 ዙር የሚመለስ ቢኾን ዜማው ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ12ኛው ዙር መጨረሻ ነው። በ5 ዙር የሚመለስ ሌላ እርከን ቢጨመር 60 ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ቢፈጅ ከ6 ድምፅ ብቻ የተነሳው ዜማ ራሱን ሙሉ ለሙሉ ለመድገም 2 ደቂቃ ይወስድበታል።

ይህም ስሌት ለሀገሩ ሊቃውንት አዲስ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃው ዙር 19 ዓመት፣ የፀሐዩ 28 ዓመት ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ሁሉም ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ19 ሲባዛ 28፣ ማለትም በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለውም ይኸው ነው።

ጉልበትና ፍጥነት

ጭማሪ በድምፅ ከፍታ ላይ ብቻ አይደረግም። የምት ጉልበትም በሚዲ ከ0 እስከ 127 ይቆጠራል። የከበሮው አንድ ምት በ60 ተጀምሮ በየዙሩ 10 ቢጨምር በሰባተኛው ዙር 120 ይደርሳል። ተጨማሪ 10 ከ127 ስለሚያልፍ ወሰኑ እዚያ ላይ መበጀት አለበት።

በድግግሞሽ ውስጥ ቀስ እያሉ መሞቅ በአካባቢው የታወቀ ጥበብ ነው። በማሕሌት ዝማሬው በቁም ይጀመራል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይከተላል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ጭብጨባ ታክሎበት ይፈጥናል። በመንዙማም ተቀባዩ ያንኑ አዝማች እየደጋገመ ሲሄድ ድቤው እየሞቀ ይመጣል። ልዩነቱ እዚያ ጭማሪውን የሚወስነው የሰዎች ትንፋሽና መግባባት መኾኑ ነው። ማሽኑ ሰው መድከሙንም ኾነ መሞቁን አያይም።

ለመሞከር የሚፈልግ

ማሽኑ በእጁ የገባ ሙዚቀኛ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ቢጀምር ይጠቅመዋል። መጀመሪያ የዙሩን ርዝመት 6 ወይም 12 ያድርግ። ቀጥሎ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይመዝግብ። ከዚያ ዜማውን ያለ ምንም ጭማሪ ደጋግሞ ይስማውና ማረፊያው የትኛው እርከን እንደኾነ ይለይ። ያንን ሳይነካ ከቀሩት አንዱን ብቻ መርጦ 1 የቅኝት ደረጃ ጭማሪ ይስጠው፤ ወሰኑንም በ3 ወይም በ4 ዙር ያብጅ። ይህ ከተዋጣ በኋላ ሁለተኛውን እርከን ይጨምር። ዘፈኑ ሲያልቅ ድምሮቹን ወደ ዜሮ መመለስም አይርሳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ዘፈን ካለፈው በተረፈ ድምር ይጀምራል።

በመጨረሻም ከማሲንቆ ጋር ያስተያየው። የሚዲ ቁጥሮች የኪቦርዱን 12 እኩል ክፍፍል የተከተሉ ናቸው። ማሲንቆ መቺው ግን ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው በፈቀደው ቦታ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መካከልም ሊያርፍ ይችላል። «ፒች ቤንድ» የሚባለው የሚዲ ትእዛዝ ድምፁን በጥቂቱ ሳብ አድርጎ ሊያቀራርበው ይችላል። የትኛው ድምፅ በምን ያህል መሳብ እንዳለበት ግን የሚነግረው ባለማሲንቆው እንጂ የማሽኑ መመሪያ አይደለም።

የሀገርን ዜማ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ጋር ማዋሐድ አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ በቀረጹት ሥራ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጫውተዋል፤ ሥራው በ2013 (እ.ኤ.አ) እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰምቷል። በቅርብ ዓመታትም እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉን የመሰሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች የባህል መሣሪያዎችን ድምፅ ከኮምፒውተር ጋር አዋሕደው ለዓለም አድማጭ አቅርበዋል።

ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ከተሞች ሙዚቀኛም መንገዱ ክፍት ነው። የሚጠበቅበት ማሽኑን ከማብራቱ በፊት በአካባቢው ካለ ማሲንቆ መቺ ዘንድ ሄዶ የአምባሰልን መነሻና ማረፊያ በጆሮው መያዝ ነው። ማረፊያውን ያወቀ ሰው የቀረውን ለማሽኑ ቢተው አይጎዳም።